የጉበት ዘበኞች፤ ከወዴት መጡ? ምንስ ይሠራሉ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን አንድ የሻይ ኩባያ ነው። ባለፈው ዓመት ከመኝታ ክፍላችን ልጆች አንዱ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ደም ሊለግስ ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተጠርቶ በደሙ ውስጥ የጉበት ቫይረስ፥ ይኸውም ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው፥ መገኘቱ ተነገረው። ልጁ ጤነኛ ነበር፤ ኳስ ይጫወታል፥ ከማናችንም አብልጦ ይበላል፥ ዐይኑም ቢጫ አልሆነም። ነገሩን ለአንዳችን ብቻ በምስጢር አዋየው፤ ማታውኑ ግን ሁላችንም ሰማነው። በማግሥቱ የልጁ ኩባያ ከሌሎቹ ተለይቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው አልተጠየቀም፤ ወደ ቦታው የመለሰውም አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ትሪ መብላታችንም ምክንያት እየተፈጠረለት ቀረ።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ስለ ጉበት መጻፍ የሕክምና ተማሪዎች ድርሻ መሆኑን አንስተውም። ሆኖም ያ ኩባያ ኅሊናችንን ስለ ወቀሰው፥ የፈራነው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ መፍራታችንም ስላሳፈረን፥ ቤተ መጻሕፍት ገብተን መመርመር ጀመርን። ያገኘነው ነገር ከጠበቅነው የተለየ ሆነ፤ ስለ ቫይረሱ ልናነብ ሄደን ስለ ጉበት ዘበኞች ተምረን ተመለስን። የተማርነውንም ለጓደኞቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬላው

በድሮ ዘመን ነጋዴ ከአገር ወደ አገር ሲያልፍ በኬላ መቆም ነበረበት። በኬላው ላይ ጭነቱ ይፈታል፥ ይመረመራል፥ ቀረጡ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ይለቀቃል። በሰውነታችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ጉበት ነው። ከጨጓራ፥ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ አስቀድሞ ፖርታል በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። የአንድ ጎልማሳ ጉበት ክብደቱ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ሲሆን በየደቂቃው ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ደም ያልፍበታል። ከዚህም ደም ከአራት እጁ ሦስቱ ከአንጀት አካባቢ በዚያ ሥር የሚመጣ ነው።

ታዲያ ከአንጀት የሚመጣው ደም ምግብ ብቻ ይዞ አይመጣም። በአንጀታችን ውስጥ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ፥ ወይም ስብርባሪያቸው፥ ከምግቡ ጋር ተደባልቀው ወደ ደም ይሾልካሉ። ደሙም ጉበት ሲደርስ ሳይኑሶይድ ወደሚባሉ እጅግ ጠባብ መተላለፊያዎች ይበተንና ፍጥነቱ ይቀንሳል። የመተላለፊያዎቹ ግድግዳ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ዋናዎቹ የጉበት ሕዋሳት ተደርድረው ስኳር ያከማቻሉ፥ ሐሞት ይሠራሉ፥ መርዝ ያከሽፋሉ። ዘበኞቹ ግን የሚቆሙት በመተላለፊያው ውስጥ፥ በደሙ መንገድ ላይ ነው።

የስም ስሕተት

ከዘበኞቹ ዋነኞቹ ኩፕፈር ሕዋሳት ይባላሉ። እነዚህ ማክሮፋጅ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ትርጕሙ በግሪክኛ ታላቅ በላተኛ ማለት ነው። በመላው ሰውነት ውስጥ በየቦታው ተተክለው ከሚኖሩት ማክሮፋጆች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት በጉበት ውስጥ እንደሚገኙ ይገመታል። እንግዲህ ጉበት ወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ታላቅ የጦር ሰፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የስማቸው ታሪክ ግን የሚያስገርም ነው። በ1876 ካርል ፎን ኩፕፈር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ አካል ሊቅ ጉበትን በወርቅ ክሎራይድ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ኮከብ የመሰሉ ሕዋሳት አየ። ቈይቶም እነዚህ ኮከቦችና በመተላለፊያው ውስጥ ያሉት በላተኞች አንድ ናቸው ብሎ ደመደመ። በላተኞቹን በ1898 በትክክል የገለጻቸው ግን በክራኮቭ ከተማ የነበረው ፖላንዳዊው ታዴዩሽ ብሮቪች ነበር። በ1971 ጃፓናዊው ኬንጂሮ ዋኬ በወርቁ ቀለም የታዩት ኮከቦች ፈጽሞ ሌሎች መሆናቸውን አስረዳ፤ እነርሱ ከግድግዳው በስተጀርባ ተቀምጠው ቫይታሚን ኤ የሚያከማቹ ሕዋሳት ናቸው። ይሁንና ስሙ ተጣብቆ ቀረ፤ ኩፕፈር መጀመሪያ ያላያቸው ሕዋሳት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራሉ። አንባቢ ግን እነዚያን ኮከብ መሰል ሕዋሳት እንዳይረሳብን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ በክፉ ቀን ይመለሳሉና።

የት ተወለዱ?

ከስሙ ይልቅ የከበደው ጥያቄ የትውልዳቸው ነገር ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፤ የሰውነት ማክሮፋጆች ሁሉ የሚመነጩት ከአጥንት መቅኔ ነው፤ ከመቅኔው ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይወጣሉ፤ እነርሱም በደም ተጉዘው በየአካሉ ሲገቡ ማክሮፋጅ ይሆናሉ። እንደዚህ ከሆነ የጉበት ዘበኛ ከማዕከል በየጊዜው የሚላክ ወታደር ነው ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከ2012 ወዲህ በወጡት ጥናቶች ተናጋ። ተመራማሪዎች በእርጉዝ አይጦች ላይ አንድ ብልኀት አገኙ። በእርግዝናው በተወሰነ ቀን የተወለዱትን ሕዋሳት ብቻ የማይለቅ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ምልክቱም እንደ ቤተ ሰብ ስም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከዚያ አይጡ ተወልዶ ሲያድግ ጉበቱን ከፍተው ምልክቱ በማን ላይ እንዳለ ያያሉ። ውጤቱም በጤነኛ አይጥ ጉበት ውስጥ ያሉት ኩፕፈር ሕዋሳት በአብዛኛው ከመቅኔ እንዳልመጡ አሳየ። የዘራቸው መነሻ ፅንሱ ገና በጅምር ሳለ በሚታየው የአስኳል ከረጢት ውስጥ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከዚያ ተነሥተው ገና በመሠራት ላይ ወዳለው ጉበት ይገባሉ፥ በዚያው ይሰፍራሉ፤ ከልደት በኋላም እዚያው እየተከፈሉ ራሳቸውን ይተካሉ። የአጥንት መቅኔ ሥራውን ሳይጀምር እነርሱ ቦታቸውን ይዘዋል። ስለዚህ የተላኩ ወታደሮች ሳይሆኑ ቤቱ ሲሠራ አብረው የተወለዱ የቤት ልጆች ናቸው።

የቤት ልጆች በሞት ቢያልቁስ? በ2016 በቤልጅግ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአይጥን ኩፕፈር ሕዋሳት ሆን ብለው አጠፏቸው። ወዲያው ሞኖሳይቶች ከደም ወደ ባዶው ቦታ ገቡ፤ ቈይተውም ከቀድሞዎቹ ሊለዩ እስኪያዳግት ድረስ ኩፕፈር ሕዋስ ሆኑ። ያስተማሯቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ የግድግዳው ሕዋሳት፥ ዋናዎቹ የጉበት ሕዋሳትና እነዚያ ኮከብ መሰሎቹ እየተባበሩ እንግዳውን የአገሩን ሥርዐት ያስጠኑታል። በሰውም ዘንድ ጉበት ከአንዱ ተወስዶ በሌላው ሲተከል የተቀባዩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ የዘበኝነቱን ቦታ እንደሚይዙ ታውቋል። እንግዲህ ዘበኛን ዘበኛ የሚያደርገው ትውልዱ ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበት ቤትም ነው።

በጉበት ውስጥ ከኩፕፈር ሕዋሳት ሌላ አያሌ ዘበኞች አሉ። የተፈጥሮ ገዳይ የሚባሉት ሕዋሳት በቫይረስ የተያዘውን ወይም ወደ ካንሰር ያዘነበለውን ሕዋስ ይገድላሉ፤ በሰው ጉበት ካሉት ሊምፎሳይቶች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ቲ ሕዋሳት ደግሞ ከመቅኔ ተነሥተው በደረት ውስጥ ባለው ታይመስ በሚባለው ዕጢ ይሠለጥናሉ፤ እያንዳንዳቸውም አንድ የተለየ ጠላት ለይተው ያውቃሉ። ከቲ ሕዋሳት ወገን ማይት የሚባሉት ባክቴሪያ ቫይታሚን ቢ-2ን ሲሠራ የሚተወውን ርዝራዥ እያሸተቱ ይጠብቃሉ፤ እነዚህ በደም ውስጥ ካሉት ይልቅ በጉበት እጅግ ይበዛሉ። ከአንጀት ለሚመጣው መንገድ ከዚህ የተሻለ ዘበኛ ከወዴት ይገኛል?

መብላትና መታገሥ

የኩፕፈር ሕዋስ የመጀመሪያ ሥራው መብላት ነው። ባክቴሪያ በደም ውስጥ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛውን ይዘው የሚያስቀሩት እነርሱ ናቸው። ያረጁትንም ቀይ የደም ሕዋሳት ይበላሉ፤ በውስጣቸው ያለውንም ብረት ሳያባክኑ ለአዲስ ደም ሥራ ይመልሳሉ።

ሁለተኛው ሥራቸው ግን መታገሥ ነው፤ እኛንም ከሁሉ ያስደነቀን ይህ ነው። ትናንት የበላነው ሽሮ፥ ዛሬ የጠጣነው ወተት፥ ለሰውነታችን ባዕድ ነገሮች ናቸው። የባክቴሪያው ስብርባሪም በየሰዓቱ ይመጣል። ዘበኛው ለእያንዳንዱ ባዕድ ነገር ቢጮኽና ሠራዊት ቢጠራ ኖሮ ጉበት ሁልጊዜ በእሳት ላይ በኖረ ነበር። ስለዚህ ኩፕፈር ሕዋሳት የሚያበርድ መልእክት ይረጫሉ፤ የግድግዳውም ሕዋሳት ለመጡት ቲ ሕዋሳት የቁም ምልክት ያሳያሉ።

ይህ ትዕግሥት በሙከራ ታይቷል። በ1967 ካንቶርና ዱሞንት የተባሉ ተመራማሪዎች በውሾች ላይ እንዳሳዩት፥ በአፍ የተሰጠ ባዕድ ነገር በጉበት በኩል ሲያልፍ ሰውነት ይለምደዋል፤ ደሙ ጉበትን ዘልሎ እንዲሄድ ሲደረግ ግን ልማዱ ይቀራል። በ1969 ደግሞ እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሊቅ ሮይ ካልንና ባልደረቦቹ ከአንድ ዐሣማ ወደ ሌላ ዐሣማ የተተከለ ጉበት ያለ መድኀኒት ሊቈይ እንደሚችል ገለጹ። ከዚህም በላይ ከዚያው ከለጋሹ ዐሣማ የተወሰደ ሌላ አካል ሲተከል ሰውነቱ በትዕግሥት ተቀበለው። ጉበት ትዕግሥቱን ለሌላው አካል እስከ ማስተማር ይደርሳል ማለት ነው።

ዘበኛው ቤቱን ሲያፈርስ

ትዕግሥትም ጦርነትም ሥፍራቸውን ሲስቱ ግን ጥፋት ይመጣል። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

የመጀመሪያው በጣና ሐይቅ ዙሪያና በሌሎችም የአገራችን ቦታዎች የሚገኘው ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ በአንጀት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ከዕንቍላሎቹ ብዙዎቹ በደም ተገፍተው ወደ ጉበት ይመጣሉ፥ በጠባቡም መንገድ አላልፍ ብለው ይቀረቀራሉ። ዘበኞቹም በእያንዳንዱ ዕንቍላል ዙሪያ ተሰብስበው እንደ ቅጥር ይከብቡታል። በዚህ ጊዜ እነዚያ ኮከብ መሰል ሕዋሳት ቫይታሚን ማከማቸታቸውን ትተው ጠባሳ መሥራት ይጀምራሉ። ጠባሳው ሲበዛ የፖርታሉ መንገድ ይታፈናል፥ ጣፊያ ያብጣል፥ በመጨረሻም በሽተኛው ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል። እንግዲህ በሽተኛውን የሚጎዳው በአብዛኛው ዕንቍላሉ ሳይሆን የገዛ ዘበኞቹ ቅጥር ነው። ታዲያ ዘበኞቹ ባይኖሩ ይሻል ነበር? አይሻልም። ቲ ሕዋስ የሌላቸው አይጦች በዚህ ትል ሲያዙ ከዕንቍላሉ የሚወጣው መርዝ የጉበታቸውን ሕዋሳት ይገድላል፥ እነርሱም ፈጥነው ይሞታሉ። ቅጥሩ ቤቱን ያጠብበዋል፤ ያለ ቅጥሩ ግን ቤቱ አይኖርም።

ሁለተኛው ምሳሌ የጓደኛችን ነገር ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል እንጂ ሕዋሱን በራሱ ብዙም አይገድለውም። የሚገድሉት ቫይረሱን ያወቁት ቲ ሕዋሳት ናቸው። ሰው በጎልማሳነቱ ሲያዝ ዘበኞቹ ፈጥነው ይነሣሉ፤ ጦርነቱም ይከፋል፥ ዐይንም ቢጫ ሊሆን ይችላል። በየቀያችን የወፍ በሽታ የሚባለው ምልክት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ነገር ግን ከመቶ ጎልማሳ ከ95 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን አሸንፈው ይድናሉ። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ሲያዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከመቶው ወደ 90 የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው ይቀራሉ። የጨቅላው ዘበኞች ገና መታገሥን እንጂ መዋጋትን አልለመዱምና ጠላትን እንደ ቤተ ሰብ አድርገው ያሳድጉታል። ሕመም የለም፥ ቢጫ ዐይን የለም፤ ልጁ ያድጋል፥ ኳስ ይጫወታል፥ ዩኒቨርሲቲም ይገባል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘበኞቹ ይነቃሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡ አልሄደም፥ ቤቱን ተከራይቶ ተቀምጧል። ዘበኞቹ በየጊዜው ያደረበትን ሕዋስ ይገድላሉ እንጂ ሊያስወጡት አይችሉም። ኮከብ መሰሎቹም ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ጠባሳ ያነጥፋሉ። ይህ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ጉበቱ ይደነድናል፥ በካንሰርም ሊያዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚሆኑት በእርሱ ምክንያት ሞተዋል።

ወደ ኩባያው እንመለስ

እንግዲህ ያ ኩባያ ምን አደረገ? ምንም አላደረገም። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ ከእናት ወደ ልጅ በልደት ጊዜ፥ በሕፃንነትም በቁስል ንክኪ ነው። ንጹሕ ባልሆነ መርፌና ምላጭም ይተላለፋል፤ በየመንደሩ እንጥል የሚቈረጥበትና ግርዛት የሚፈጸምበት ምላጭ ከዚሁ ይቈጠራል። በኩባያ፥ በትሪ፥ በጉርሻ፥ በእጅ ሰላምታ አይተላለፍም። የጢም ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስ ግን አይገባም፤ ኩባያውን ያገለልነው እኛ ደግሞ ምላጭ ስንዋዋስ የኖርን ነን!

ሌላም ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ይህን በሽታ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ለሕፃናት ከሚሰጠው ባለ አምስት ክትባት ጋር የገባው በ2007 ነው። ዛሬ በዚህ ግቢ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የተወለድነው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ በሕፃንነታችን ክትባቱ አልደረሰንም። ጓደኛችን ከእኛ የሚለየው ደም ሊለግስ በመሄዱና በመመርመሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሱ ለማያውቀው ሕመምተኛ ደሙን ሊሰጥ ሄደ፤ እኛ ሳንመረመር በእርሱ ፈረድን። አንዳችንም ከእርሱ ንጹሕ መሆናችንን የምናውቅበት ምክንያት አልነበረንም።

ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። መመርመር ያሻል፤ ምርመራው ጥቂት ደም ብቻ ይጠይቃል። ቫይረሱ ያልተገኘበት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢከተብ ዘበኞቹ ጠላትን አስቀድመው ያውቁታል። ቫይረሱ የተገኘበትም ተስፋ የሚቈርጥበት ምክንያት የለውም፤ በየጊዜው እየታየ፥ ሐኪም ሲያዝለትም ቫይረሱን የሚገታውን መድኀኒት እየወሰደ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። ከመጠጥ መራቅም የጉበቱን ሸክም ያቀልለታል።

እኛ ከመኝታ ክፍላችን ልጆች አራታችን ተመርመረናል፤ ክትባቱንም ጀምረናል። ኩባያው ወደ ቦታው ተመልሷል። ጓደኛችን ግን እስከ አሁን ቅዳሜ ከትሪው ሲቀርብ አስቀድሞ ፊታችንን ያያል። ያን አስተያየት ያስለመድነው እኛ ነን፤ የሚያስረሳውም ክትባት አልተገኘም። በሌላ ክፍል በመስኮት ደፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ኩባያ ያለ እንደሆነ ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ እንላለን።